«ስፔሻል»፦ የአንድ እንግሊዝኛ ቅጽል ኑሮ በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች

የእንግሊዝኛ ቅጽሎች አገራችን ገብተው የሚገጥማቸው ዕድል ሁለት ዓይነት ነው። ገሚሶቹ ከመማሪያ መጽሐፍ ሳይወጡ ያረጃሉ፤ ተማሪው ለፈተና ይሸመድዳቸዋል፣ ፈተናው ሲያልፍ እነሱም አብረው ያልፋሉ። ገሚሶቹ ደግሞ ከክፍል ሾልከው ወጥተው ሥራ ይይዛሉ። «ሞደርን» ፎቶ ቤት ገባ፣ «ኢንተርናሽናል» ሆቴል ተቀጠረ፣ «ፍሬሽ» ጁስ ቤት በር ላይ ቆመ። እንደ «ስፔሻል» የቀናው ግን የለም። ይህ ጥናት የዚህን ቅጽል ትርጉምና አጠቃቀም በአዳማ፣ እንዲሁም ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ በተዘረጉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ይመረምራል። መረጃው የተሰበሰበው ከቁርስ ቤቶች፣ ከጁስ ቤቶች፣ ከአሳ ቤቶችና ከባጃጅ ወንበር ላይ ነው። የናሙናውን ስፋት የወሰኑት የአጥኚው ሆድና የአጥኚው ኪስ ሲሆኑ፣ ሁለቱ በተጋጩ ቁጥር የኪሱ ድምፅ አሸንፏል።

የጥናቱ መነሻ ችግር የሚከተለው ነው። በኦሮሚያ ትምህርት ቤቶች ልጅ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ይማራል፤ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ ባዮሎጂውም ሒሳቡም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። በዚህ መሀል አንድ ቀን መምህሩ «ስፔሻል» የሚለውን ቃል ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጽፎ ከጎኑ «ልዩ» ይልለታል። ልጁም ደብተሩ ላይ ይገለብጣል። ትርጉሙ ለዓመታት ያለ እንከን ያገለግለዋል፤ የሚከዳው ፖስታ ቤት አካባቢ አንድ ፉል ቤት ገብቶ አስተናጋጇ «ስፔሻል ይሁን ኖርማል?» ያለችው ዕለት ነው። በደብተሩ ከሄድን የተጠየቀው «ልዩ ይሁን ወይስ ያልተለየ?» ነው። ከምን የተለየ? በምን የተለየ? ደብተሩ ዝም ይላል። አጠገቡ የተቀመጠው የተሳቢ ሹፌር ግን ከስልኩ ቀና ሳይል «ስፔሻል፣ ቃሪያ በዛ አድርጊበት» ይላል፤ ይመጣለታልም። ቃሉን ክፍል ውስጥ የተማረው እያመነታ መንገድ ላይ የተማረው ጎረሰ። ይህ ክፍተት ነው ለጥናት ያነሳሳን።

ወደ ሥሩ እንውረድ። ቃሉ የላቲን ነው። «ስፔኪየስ» ማለት መልክ፣ ከዚያም ዓይነት ማለት ሲሆን፣ «ስፔኪያሊስ» ደግሞ የአንድ ዓይነት ብቻ የሆነ ማለት ነበር። ፈረንሳይኛ ከላቲን ወረሰው፣ እንግሊዝኛ ከፈረንሳይኛ ወሰደው። በሎጂክ ትምህርት ተቃራኒው «ጄኔራል» ነው፤ ይህኛው የወገኑ ሁሉ የሆነውን ሲጠራ ስፔሻል ከወገኑ ውስጥ አንዱን ዓይነት ብቻ ነጥሎ ይጠራል። እንግዲህ የቃሉ ጠባይ ማጥበብ ነው። ስፔሻሊስት ሐኪም የምንለው ከመላ ሰውነታችን ጆሮን ብቻ ለራሱ አስቀርቶ ሌላውን ለባልደረቦቹ የተወ ሰው ነው። አንባቢ ይህን ማጥበብ የሚባል ነገር ልብ ይበልልን፤ ወደ ኋላ ላይ ሳህን ውስጥ እንፈልገዋለን።

ከዚሁ ከላቲኑ ቃል ሌላም ልጅ ተወልዷል። ነጋዴዎች «ስፔኪየስ»ን ለሸቀጥ ዓይነት፣ በተለይም ለቅመማ ቅመም ይጠሩበት ጀመርና የጣሊያኑ «ስፔዚዬ»ም የእንግሊዝኛው «ስፓይስ»ም ከዚያ መጡ። ስፔሻልና ቅመም የአንድ እናት ልጆች ናቸው ማለት ነው። የአዳማ ፉል ሠሪ ስፔሻሉ ላይ ሚጥሚጣ ሲነሰንስ፣ ሮም ላይ የተለያዩትን ሁለት ወንድማማቾች የብረት ሳህን ላይ እያገናኘ እንደሆነ የነገረው ሰው የለም። አጥኚው ሊነግረው ሞክሮ ነበር፤ ሰልፍ ስለነበረ «ኋላ» ተብሏል።

ቃሉ አዳማ እንዴት ደረሰ? መላምቱ ሦስት ነው። አንደኛው ባቡር ነው። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ በአዳማ በኩል አልፎ ነው፣ ከተማዋም ያደገችው በጣቢያው ዙሪያ ነው። የባቡሩ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። ነገር ግን ፈረንሳይኛው «ስፔስያል» ነው የሚለው፤ «ሸ» የለበትም። ሁለተኛው ጣሊያን ነው፤ ፓስታና ማኪያቶ ያስለመደን ይህንንም ጥሎልን ሄዶ ይሆናል የሚል ነው። ጣሊያን ግን «ስፔቻሌ» ይላል። የሱ ቢሆን ኖሮ ዛሬ «አንድ ስፔቻሌ!» ተብሎ ይጮህ ነበር። የሚቀረው ሦስተኛው፣ ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ በትምህርት ቤት በር የገባው እንግሊዝኛ ነው። ለዚህ «ሻ» የምትለዋ ፊደል በቂ ምስክር ናት፤ በአንዲት ፊደል የሚፈረድ ክርክር ደግሞ በአገራችን ሊቃውንት ዘንድ አዲስ ነገር አይደለም።

ሲገባም እንዳለ አልገባም። አማርኛም ኦሮምኛም ቃልን በሁለት ተነባቢ መጀመር አይወዱም፤ ስለዚህ አፍ ላይ «እስፔሻል» ይሆናል፣ ስፖርትን «ኢስፖርቲ» ያለው ኦሮምኛም «ኢስፔሻል ሞ ኖርማል?» ብሎ ይጠይቃል። በግድግዳና በምግብ ዝርዝር ላይ «ስፔሻል»፣ «ስፒሻል»፣ «ስፔሺያል»፣ «እስፔሻል» ተብሎ ተጽፎ ይገኛል። አንዳንዴም አንዱ ገጽ ላይ አራቱም ይገኛሉ፣ ሽሮው በአንዱ፣ ጥብሱ በሌላው። አጥኚው የአጻጻፉ ልዩነት በእንቁላሉ መጠን ላይ ተጽዕኖ እንዳለው ለማየት ሞክሯል። የለውም።

እንቁላል ካነሳን ወደ ሳህኑ እንቅረብ። ባቄላው ሌሊቱን በትልቅ ድስት ሲንተከተክ ያድራል። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቤቱ ሲከፈት ፉል ሠሪው በጭልፋ ቀድቶ ሳህን ላይ ይገለብጠዋል፣ በብርጭቆ ቂጥ ይደፈጥጠዋል፣ ዘይት ያፈስበታል፤ ከላዩ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ይከትፍበታል፣ ዳር ላይ ሚጥሚጣ ወይም በርበሬ ቆንጠር ያደርጋል። እስከዚህ ያለው ኖርማል ነው። እዚህ ላይ እጁ ለአፍታ ቆም ትላለች፤ በመስኮቱ የተጮኸው ምን ነበር? «ስፔሻል!» ከነበረ እንቁላል ፍርፍር በማንኪያ መሀሉ ላይ ያሳርፋል፣ እርጎ ያዞርበታል፣ አቮካዶ በስሱ ቆርጦ ዳር ዳሩን ይደረድራል። ሁሉም ነገር የሚያልቀው ዳቦ አቅራቢው ዳቦውን ከቅርጫት እስኪያነሳ ነው። ቅጽሉ የተፈጠረው በዚያች ቅጽበት ነው፤ ከሷ በፊት ስም ብቻ ነበር።

ከዚህ ከባድ የሰዋስው መዘዝ ይመጣል። ባዬ ይማም በ1987 ዓ.ም. ባሳተሙት «የአማርኛ ሰዋስው» ቅጽልን ከቃል ክፍሎች አንዱ አድርገው መርምረውታል። ቅጽል በማንኪያ ይጨመራል የሚል ምዕራፍ ግን የለበትም። አዳማ ላይ ስፔሻል ፉሉን አይገልጽም፣ ፉሉ ላይ ይቀመጣል። የሚታይ፣ የሚቆረስ፣ ሲፈለግም ለብቻው የሚነሳ ነገር ነው። «ስፔሻሉን ለልጁ ስጭው፣ ባቄላውን እኔ እበላለሁ» ያሉ አንዲት እናት ለሰዋስው ያበረከቱትን ያህል አጥኚው በመጽሐፍ አላገኘም።

በዓረፍተ ነገር ውስጥም ቃሉ የፈለገበት ይቀመጣል። ከስም ቀድሞ ቅጽል ይሆናል፦ ስፔሻል ሽሮ፣ ስፔሻል ጥብስ፣ ስፔሻል ክትፎ። ስሙን አባሮ እሱው ስም ይሆናል፦ «ሁለት ስፔሻል፣ አንድ ኖርማል!» ቁጥርም ጾታም አያስጨንቀውም። ሰው ሆኖም ይገኛል፤ «የስፔሻሉ ሰውዬ ሒሳብ ብለዋል» ስትል አስተናጋጇ ከዚያ ሁሉ ተመጋቢ መካከል እሳቸውን የለየቻቸው በስማቸውም በኮታቸውም አይደለም። «አድርግ» ከሚለው ግስ ጋር ሲጋባ ደግሞ ከምግብ ወጥቶ ይሄዳል። መኪና አጣቢው «ስፔሻል አርገህ እጠባት» ከተባለ ሞተሯንም ወለሏንም መጥረግ አለበት፤ ፀጉር አስተካካዩ «ስፔሻል አርገው» ሲባል ጢሙንም ይነካካል። እንግሊዝኛ በ«ሞር»ና በ«ሞስት» የሚያበላልጠውን የኛ ከተሞች በ«ደብል» ያበላልጡታል። ደብል ስፔሻል እንቁላሉ ሁለት የሆነ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ደረጃ ቋንቋው ይፈቅዳል፣ ድስቱ አይፈቅድም።

አሁን ወደ ዋናው ግኝት ደርሰናል። አጥኚው በተለያዩ ቤቶች አስተናጋጆችን ስለ ቃሉ ፍቺ ሲጠይቅ መልሱ እንዳይዛነፍ በማሰብ አንድ ዓይነት ጥያቄ ብቻ ተጠቅሟል። ውይይቱ በብዙው እንዲህ ነው የሚሄደው፦

«እህት፣ ስፔሻሉ ምን ምን አለው?»

«ሁሉም አለው።»

«ሁሉም ስትዪ?»

«ሁሉም ነዋ ጋሼ! ስፔሻል እኮ ነው!»

ሁሉም ያለው ነገር በላቲን፣ በፈረንሳይኛም ሆነ በእንግሊዝኛ ስፔሻል አይባልም። ጄኔራል ነው የሚባለው። ከላይ ያልነው ማጥበብ ሳህን ውስጥ የለም። ቃሉ ከሮም ተነስቶ ባሕር ተሻግሮ፣ ከአዲስ አበባ ቁልቁል ወርዶ አዳማ ሲደርስ ፊቱን አዙሮ ተገኝቷል። ስፔሻሊስቱ ሁሉን ትቶ አንዱን የያዘ ሲሆን ስፔሻሉ አንዱንም ሳይተው ሁሉን የያዘ ነው። በሎጂኩ ሕግ ከሄድን እውነተኛው ስፔሻል ባቄላውን ብቻ የያዘው ኖርማል ነው። አጥኚው ይህን አስረድቶ በኖርማል ዋጋ ስፔሻል ለማዘዝ መብት አለኝ ብሎ ባለቤቱን ማነጋገሩ በዘዴ ምዕራፉ ውስጥ መመዝገብ አለበት። ባለቤቱ መከራከሪያውን ካደመጡ በኋላ «ወንድሜ፣ አንተ የዩኒቨርሲቲ ሰው ትመስላለህ» ብለው ሒሳቡን እንዳለ ተቀብለዋል።

መገለባበጡ የበለጠ ፈጦ የሚወጣው በያይነቱ ላይ ነው። «ስፔኪየስ» ዓይነት ማለት ነው ብለናል። በያይነቱ ደግሞ ያው ዓይነት በየራሱ ተለይቶ እንጀራ ላይ ሲቀመጥ ነው፦ ምስሩ ለብቻ፣ ክኩ ለብቻ፣ ጎመኑ ለብቻ፣ ቀይ ሥሩ ለብቻ። እንዲህ በዓይነት በዓይነት የተከፋፈለውን ምግብ «ስፔሻል በያይነቱ» ማለት በላቲንና በአማርኛ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ መናገር ነው። ተመጋቢው ይህን ስለማያውቅ አይከፋውም፤ የሚከፋው መሀሉ ላይ ተጋቢኖ ካልተደረገ ነው። ጁስ ቤት ሲኬድ ግን ዓይነት የሚባለው ራሱ ይጠፋል። እዚያ ከአቮካዶ፣ ከማንጎና ከፓፓያ የተወሰነውን መርጦ የሚያቀላቅለው «ስፕሪስ» ይባላል፤ የማይመርጠው ደግሞ ስፔሻል ነው።

ስለ ተቃራኒው፣ ስለ «ኖርማል»፣ ብዙ ማለት ይቻል ነበር። ባጭሩ፣ የዚህ ቃል ክብር የሚወሰነው በተነገረበት ሕንፃ ነው። ሰው ማልዶ ላብራቶሪ ሄዶ ውጤቱ «ኖርማል ነው» ሲባል እግዜር ይመስገን ብሎ ይወጣል። ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ቁርስ ቤት ገብቶ «ኖርማል ይሁንልዎት?» ሲባል ግን እንደ ተደፈረ ሰው ቀና ይላል። ሐኪሙ «ኩላሊትዎ ስፔሻል ነው» ቢለው ምን እንደሚሆን አስቡት። ለአንድ ዜጋ የሚመኙለት እንግዲህ ኖርማል ደምና ስፔሻል ቁርስ ነው፤ ሁለተኛው ሲበዛ የመጀመሪያውን እንደሚያበላሽ ሐኪሞች ይናገራሉ፣ ይህ ግን ከጥናታችን ወሰን ውጪ ነው።

ቃሉ በግብዣ ላይ ያለው ሥርዓት ከሰዋስውም ይጠብቃል። ተጋባዥ አፉን ሞልቶ «ለኔ ስፔሻል» አይልም። ቢል የሚከለክለው ሕግ የለም፤ ግን አይልም። የሚለው «ኧረ ኖርማል ይበቃኛል» ነው፣ እያየ ያለው የጎረቤት ጠረጴዛን ስፔሻል ቢሆንም። ጋባዡ ይህን «ይበቃኛል» እንደ ቃሉ ከተቀበለው ነገር ተበላሸ፤ ወዳጅነቱ ያን ዕለት ጠዋት ላይ ይቆማል። የሚጠበቅበት «ምን ማለትህ ነው! ስፔሻል አድርጊለት!» ማለት ነው። ተጋባዡ አንድ ጊዜ «በሞቴ ኖርማል» ይላል። ጋባዡ «አትሞትም፣ ስፔሻል» ይላል። አስተናጋጇ ይህ ሁሉ እስኪያልቅ እስክሪብቶዋን አንስታ አትጠብቅም፤ ገና «ኧረ» ሲባል በመስኮቱ «ሁለት ስፔሻል!» ብላ ጮኻለች። የንግግር ተግባር የሚባለውን ነገር የሚያጠኑ ሰዎች «እምቢ» እንዴት «እሺ» ተብሎ እንደሚሰማ ለማወቅ ሩቅ እየሄዱ ይደክማሉ፤ አዳማ መናኸሪያ አካባቢ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መጥተው መቀመጥ ይበቃቸው ነበር።

አዳማ የስብሰባና የሥልጠና ከተማ መሆኗም በቅጽሉ ኑሮ ላይ ምልክቱን ጥሏል። የአቅም ግንባታ፣ የዕቅድ ውይይት፣ የአፈጻጸም ግምገማ የሚባል ነገር ከአዲስ አበባ ተነስቶ ያድር ዘንድ ወደ አዳማ ይወርዳል፤ ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ርቀት አበል ለማስከፈል ይበቃል፣ ለመድከም ግን አይበቃም። እንደ ፈረንጆቹ በ2014 ፈጣን መንገዱ ሲከፈት ድካሙ ይብስ ቀነሰ፣ አበሉ ባለበት ጸና። እዚህ ላይ ተራው ሰው አበል ሲመጣ ስፔሻል ይበዛል ብሎ ይገምታል። ነገሩ ከግምቱ የራቀ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ወጣት ሠልጣኝ እውነት ነው ስፔሻል ያዛል፤ በአበሉ በላበት ይባላል። ልምድ ያለው ባለሙያ ግን ቁርሱን ኖርማል ይበላል፣ ምሳውን በሻይ ዕረፍቱ ሳምቡሳ ያቃልላል፣ አበሉን ሳይሸርፍ ይዞ ቤቱ ይገባል። ስለዚህ አንድ ሠልጣኝ ስንት ዓመት እንዳገለገለ ማወቅ የፈለገ ሰው የሕይወት ታሪኩን ማገላበጥ የለበትም፤ ሳህኑ ላይ እንቁላል መኖር አለመኖሩን ይመልከት።

የጾም ጊዜ ለንድፈ ሐሳባችን ከባድ ፈተና ነው። በዐቢይ ጾም ሃምሳ አምስት ቀናት ውስጥ እንቁላሉ ይወጣል፣ እርጎው ይወጣል፣ ቅቤው ይወጣል። ስፔሻል ማለት የተጨመረው ነገር ከሆነ፣ የተጨመረው ሲወጣ ቅጽሉ አብሮ መውጣት ነበረበት። አልወጣም። «የጾም ስፔሻል» ተብሎ ይኖራል፤ የቅጽሉ ሸክም በሙሉ አቮካዶ ላይ ይወድቃል፣ አቮካዶ የተወደደ ሰሞን ደግሞ ቲማቲሙ ትንሽ በዛ ይልና እሱው ይሸከመዋል። በአንድ ቤት ግድግዳ ላይ «ፉል ኖርማል፣ ፉል ስፔሻል፣ ፉል ስፔሻል ያለ እንቁላል» የሚል ተጽፎ፣ የሁለተኛውና የሦስተኛው ዋጋ አንድ ሆኖ ይታያል። ምክንያቱ ሲጠየቅ ገንዘብ ተቀባዩ «ማውጣቱም እኮ ሥራ ነው» ብሏል። በረመዳን ግን ቅጽሉ ሙሉ አካሉን ይዞ ሌሊት ይሠራል። ፀሐይ ስትጠልቅ ፉሉም ሳምቡሳውም ሾርባውም ሲቀርብ፣ ቀኑን ሙሉ የተጠበቀ ስፔሻል ላይ እንቁላል ጎደለ ብሎ የሚከራከር ሰው የለም፤ ለመከራከር ጊዜ የለም።

ከአዳማ ወጥቶ ወደ ደቡብ የሄደ መንገደኛ ቃሉ በየከተማው መጠነኛ የጠባይ ለውጥ ሲያሳይ ያያል። ባቱ ላይ፣ ዝዋይ ስትባል የምናውቃት ማለት ነው፣ ከሐይቁ ዳር አሳ በሚጠበስባቸው ቤቶች ስፔሻል ከላይ የሚደረግ ነገር መሆኑ ያበቃል። እዚያ «ስፔሻል ይሁን» ማለት ተለቅ ያለውን ምረጭልኝ ማለት ነው፤ አሳው ከነራሱ በቢላ ተተልትሎ፣ ዘይት ውስጥ ደረቅ ብሎ፣ ከሳህኑ በሁለቱም ወገን ተርፎ ይመጣል። በጉላሽና በለብለብ ላይ ግን ራሱ ስለሌለ መጠኑን ማረጋገጫ የለም፤ የቤቱን ቃል ማመን ነው። ሻሸመኔ ላይ ያለው ሁኔታ ይበልጥ ያስደምማል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሰጡት መሬት ጋር ተያይዞ ከጃማይካና ከሌሎችም የካሪቢያን አገሮች የመጡ ራስተፈሪያን እዚያ ይኖራሉ፤ አፋቸውን በእንግሊዝኛ የፈቱ ናቸው። ቃሉ የነሱ ነው ቢባል ያስኬዳል። ሆኖም አንዳቸው ቁርስ ቤት ገብተው «ስፔሻል» ሲሉ የሚመጣላቸው ያው እንቁላል ነው። የቃሉን ባለቤትነት ከድስቱ ባለቤትነት ጋር ስናወዳድር ድስቱ ይበረታል።

በእንግሊዞች ምግብ ቤት «የዛሬ ስፔሻል» የሚባል አለ። ትናንት ያልነበረ፣ ነገም የማይኖር፣ ሠሪው ለዕለቱ ያሰበው ምግብ ነው። ቃሉ እዚያ ጊዜን ይናገራል። በኛ አገር ስፔሻል ጊዜ አያውቅም፤ ባለፈው ዓመት የነበረው ስፔሻል ዛሬም አለ፣ የምግብ ዝርዝሩ በፕላስቲክ ተለብጧል። ኡጋንዳ ደግሞ ቃሉን መኪና ላይ ጭነውታል፤ ካምፓላ ውስጥ ለብቻ የሚከራዩት ታክሲ «ስፔሻል ሃየር» ነው። የአዳማ ባጃጅ ለዚህ «ኮንትራት» የሚል የራሱ ቃል ስላለው ስፔሻልን አልተበደረም። «ኮንትራት ነው?» ይላል ልጁ፣ ሰውዬው ሻንጣ ከያዘ ሳይመልስለት ኮንትራት ይሆናል። እዚህ ላይ አጥኚው አንድ ነገር አስተውሏል። ስፔሻሉም ኮንትራቱም የሚታዘዙት በአንድ ዓይነት ሰው ነው፣ ዘመድ ይዞ በመጣ።

መንግሥት በበኩሉ ስፔሻልን ቢሮ አያስገባም። እሱ የሚለው «ልዩ» ነው፤ ልዩ ወረዳ፣ ልዩ ዞን፣ ልዩ ጉባኤ፣ ልዩ ትኩረት። አዳማ ራሷ በምሥራቅ ሸዋ ተከብባ ልዩ ዞን የተባለችበት ጊዜ አለ፤ በኦሮምኛው «አዳ» ነው ቃሉ። ልዩ ዞን ላይ የሚጨመረው ነገር ምን እንደሆነ አጥኚው ነዋሪዎችን ጠይቆ የተለያየ መልስ አግኝቷል፤ እንቁላል አለመሆኑ ላይ ግን ስምምነት አለ። ሁለቱ ቃላት በመዝገበ ቃላት አንድ ቢሆኑም ቦታ አይለዋወጡም። «ስፔሻል ወረዳ» ያለ ሰው ቀልደኛ ይባላል። «ልዩ ፉል» የሚል ማስታወቂያ የለጠፈ ነጋዴ ደግሞ ደንበኛውን ያሸሻል፤ ሰው ምን ገብቶበት ይሆን ብሎ ዳቦውን ያስቀምጣል።

በመጨረሻም በቅርብ ጊዜ እየታየ ያለን ነገር ሳንመዘግብ ማለፍ አይገባም። አንዳንድ ቤቶች ኖርማልን ትተውታል። ገብተው ኖርማል ሲያዝዙ አስተናጋጇ በትሕትና «ኖርማል የለንም» ትላለች። የላቲኑ ትርጉም እዚህ ላይ ጨርሶ እጁን ይሰጣል፤ ከወገኑ የተለየ ዓይነት ለመሆን ሌላ ዓይነት መኖር ነበረበት። ብቻውን የቀረ ስፔሻል ከማን ይለያል? አጥኚው ይህንኑ ጠይቋል። «ያለው እሱ ነው» ተብሎ ታዟል፣ ተበልቷል። ጥሩ ነበር፣ እርጎው ብቻ ትንሽ ቀጥኗል።

ለመሥሪያ ቤቱ ሒሳብ ክፍል የሚሆን ደረሰኝ ሲጠይቅም ገንዘብ ተቀባይዋ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑን ተጭና ወረቀቱን ቀድዳ ሰጠችው። ስፔሻልም፣ ፉልም የሚል የለበትም። «ምግብ 2» ነው የሚለው። ድምሩ ግን የስፔሻል ነው።